ብድር መመለስ የማይችል ጎረቤት

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። አዲስ አበባን ከሦስት አቅጣጫ የከበቧት እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በአዲሱ የሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሰበታና ቡራዩ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየኮረብታው የተሠራውን ቤት ያየ ሰው ያ ቁጥር ምን ያህል እንዳረጀ ይረዳል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የገፋው ቤተሰብ፣ ለፋብሪካ ሥራ ከሩቅ የመጣ ወጣት፣ ከተማው እርሻው ድረስ የደረሰበት ገበሬ፣ ያጠራቀመውን አውጥቶ ቦታ የገዛ ጡረተኛ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ይኖራሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ራስ ወዳድነቱን አሸንፎ ሌላውን ሊወድ የሚችለው በምን መንገድ ነው? ክርስትና ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ በምክር መልክ ብቻ ስለሚነገር በውስጡ ያለው አሠራር ተሸፍኖ ይቀራል። እዚህ የሚተነተነው ያ አሠራር ነው።

ሰው በተወለደበት መንደር ራስ ወዳድነቱን የሚገታበት ብዙ ነገር አለ። አዝመራው ሲደርስ ደቦ የሚወጣለት እሱም ለሌላው ከወጣ ነው። እህል እያለው "የለኝም" ቢል ጎተራው ምን ያህል እንደሚይዝ ጎረቤቱ ያውቃል። ዘመድ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ ግን የሚሠራው ሰው በሚታወቅበት ቦታ ነው። ሱሉልታ በቅርቡ ቤት የተከራየ ሰው የጎረቤቱን ስም አያውቅም፤ ጎረቤቱም የእሱን አያውቅም። ቢሰስት የሚያማው፣ ቢለግስ የሚያመሰግነው የለም። ስለዚህ በአዳዲስ ሰፈሮች ራስ ወዳድነት ጎልቶ ሲታይ የነዋሪዎቹ ጠባይ ከሌላው ሰው ከፍቶ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ከውጭ ይዟቸው የነበረው ልጓም ከአገር ቤት አብሯቸው አልመጣም።

ነዋሪዎቹ ይህን ጉድለት ቶሎ ይረዱታል። አንድ ሰፈር መንገድና ውሃ በወጉ ሳይገባለት እድር የሚያቋቁመው ለዚህ ነው። እድር በከተሞቻችን መስፋፋት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። አሠራሩም ግልጽ ነው። አባል በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣል፤ ሞት ሲመጣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ገንዘብ ይሰጣል። ከቀብር መልስ ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ስም ይጠራል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ያቆመ ይሰረዛል።

በዚህ ሥርዓት የግል ጥቅም አልጠፋም፤ ተገርቷል። እድርተኛው በቅጡ የማያውቀውን ሰው ቀብር የሚወጣበት አንዱ ምክንያት የራሱ ቀብር ሰው እንዳያጣ ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም። ቋንቋና ሃይማኖት የማያገናኛቸው ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር አብረው እንዲቀመጡ አድርጓል። የኦሮሞ ሕዝብ ቡሳ ጎኖፋ የሚለው፣ ከብቱ ላለቀበት ወይም አደጋ ለደረሰበት ሰው ማኅበረሰቡ እያዋጣ መልሶ የሚያቋቁምበት ሥርዓትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን እድር ድንበር አለው፤ ድንበሩም መዝገቡ ነው። በየጥቂት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ዘመድ የሌለው የአእምሮ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ስማቸው አይጠራም።

የክርስትና ጥያቄ የሚጀምረው እድሩ ከሚያቆምበት ነው። በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ክርስቶስ ግብዣ ለሚያዘጋጅ ሰው የሚሰጠው ምክር ዘመድንና ባለጠጋ ጎረቤትን ትቶ ድሆችን፣ አካል ጉዳተኞችንና ዓይነ ስውራንን እንዲጠራ ነው። የተሰጠው ምክንያት ብድሩን ሊመልሱ አለመቻላቸው ነው። በእድር መዝገብ ከአባልነት የሚያሰርዘው ጉድለት በወንጌሉ ለመጠራት የሚያበቃ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ራስን መውደድንና ራስ ወዳድነትን መለየት ያስፈልጋል። ባልንጀራን እንደ ራስ የመውደድ ትእዛዝ በኦሪት ዘሌዋውያን 19ኛ ምዕራፍ ተሰጥቶ በወንጌል የጸና ነው፤ ራስን መውደድንም መለኪያ አድርጎ ይወስደዋል። ሰው ሲርበው ይበላል፣ ሲታመም ይታከማል፣ ሲሰደብ ይከፋዋል፤ ሕጉ ይህን አይነቅፍም። የሚፈልገው ይኸው እንክብካቤ ሌላውም ዘንድ እንዲደርስ ነው። ራስ ወዳድነት ይህ ፍቅር ከራስ ወዲያ መሄድ ሲሳነው የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሮሜን መልእክት ሲያስተምር እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ራሱ የታጠፈ አድርጎ ገልጾታል፤ መልካም ሥራውና ጸሎቱ ሳይቀሩ ዞረው ለራሱ ጥቅም የሚሠሩ ይሆናሉ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሽታውን በሦስት ይከፍለዋል። ክርስቶስ ከጥምቀቱ በኋላ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ሲፈተን የቀረቡለት ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ነበሩ። ስስት የራስን ፍላጎት ማስቀደምና "አይበቃኝም" ብሎ መስጋት ነው። ትዕቢት ከሌላው በላይ ለመሆን መሻት ነው። ፍቅረ ንዋይ ደግሞ ሰው ዋስትናውን በገንዘብና በንብረት ላይ መጣሉ ነው። ክርስቶስ ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ፣ ማለትም ለገንዘብ ባለመገዛት፣ ድል እንደነሳ መምህራኑ ያስተምራሉ። የዚህ አከፋፈል ጥቅሙ ለእያንዳንዱ የራስ ወዳድነት መልክ የየራሱን መድኃኒት ማዘዙ ነው። ለሁሉም "ደግ ሁን" ብሎ አያልፍም።

በሦስቱ ከተሞች ጎልቶ የሚታየው ሦስተኛው፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ነው። በየዳርቻው ጨረቃ ቤት የሚባል አለ፤ ከገበሬ በተገዛ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት የሚሠራ ቤት ነው። ባለቤቱ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አውጥቶበታል፤ ካርታ ግን የለውም፤ ቤቱ የሚፈርስበትን ቀንም አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው የቆርቆሮ አጥሩን ከፍ አድርጎ ቢያጥር፣ ለተቸገረ ጎረቤት ብር ከማበደር ተጨማሪ ብሎኬት መግዛትን ቢመርጥ፣ ስግብግብ ብሎ መጥራት ነገሩን አያስረዳም። እጁን የጨበጠው ፍርሃት ነው። የማቴዎስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍም ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ አብሮ መገዛት እንደማይቻል ከተናገረ በኋላ ሳይውል ሳያድር ስለ ነገ ምግብና ልብስ ወደ መጨነቅ ይሻገራል። ሁለቱ ትምህርቶች የተያያዙት ገንዘብን የሙጥኝ የሚያስብለው አብዛኛውን ጊዜ ስጋት በመሆኑ ይመስለኛል። ስለዚህም ፍቅር ከሰው የሚጠበቀውን ያህል ስጋቱን የሚያቀልለት ማኅበረሰብም ያስፈልጋል፤ የብቻው ኑሮ ያስፈራው ሰው እንዲለግስ መገሠጽ ብቻውን ብዙ አይሠራም።

ትዕቢት ደግሞ በግለሰብ አይወሰንም። "እኔ" የሚለው "እኛ" ሲሆን ራስ ወዳድነቱ ሊያድግ እንጂ ላይጠፋ ይችላል። ሰው ለወገኑ ገንዘቡንም ሕይወቱንም እየሰጠ ከወገኑ ውጭ ላለው ልቡን ሊዘጋ ይችላል፤ መስጠቱ ራሱን ስለሚያሳምነው በሽታውን ለማየት ይቸግረዋል። በሉቃስ 10ኛ ምዕራፍ በሽፍቶች የተደበደበውን መንገደኛ ያነሳው ሳምራዊ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። አይሁድና ሳምራውያን አይቀራረቡም ነበር። ጥያቄው "ባልንጀራዬ ማን ነው" የሚል ነበር፤ ይህ ጥያቄ የእድር መዝገብ ጥያቄ ነው፤ ማን አባል ነው፣ ማን አይደለም ይላል። ክርስቶስ ግን ታሪኩን ሲጨርስ ለተደበደበው ባልንጀራ የሆነለት ማን እንደሆነ መልሶ ይጠይቃል። ባልንጀራነት ከተቀባዩ ማንነት ወደ ሰጪው ተግባር ተዛወረ።

የቡድን ትዕቢት ወዴት እንደሚያደርስ ቡራዩ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አይታለች። በዚያ ወር በከተማዋና በአካባቢዋ በተፈጸመው ጥቃት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ፤ በትምህርት ቤቶች ግቢም ተጠለሉ። የአዲስ አበባ ሰው ምግብ፣ ውሃ፣ ልብስና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሄደ። ሰጪዎቹ ተፈናቃዮቹን አያውቋቸውም፤ ብድር ይመልሱልናል ብለውም አልሰጡም። የራስ ወዳድነት አስከፊው መልክና ተቃራኒው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በተመሳሳይ ቀናት፣ በአንድ አገር ሰዎች ዘንድ ታዩ።

ይህ ልግስና ከምን መነጨ? በቅርብ የታየ ሥቃይ ርኅራኄን ይቀሰቅሳል፤ ርኅራኄው እጅን ያስፈታል። ይህ እውነተኛ ኃይል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ድክመት አለበት። አንደኛው ማየትን ይፈልጋል፤ ያልታየ ችግረኛ አይረዳም። ሁለተኛው ቶሎ ይደክማል። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን የተረዳ ይመስላል። በኢየሩሳሌም ለተቸገሩት ክርስቲያኖች መዋጮ ሲያሰባስብ የቆሮንቶስ ምእመናን በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ገቢያቸው እያስቀመጡ እንዲቆዩት አዘዘ፤ እሱ በመጣ ጊዜ መሰብሰብ እንዳይጀመር። ልግስናን ከስሜት አውጥቶ በቀን መቁጠሪያ ላይ አኖረው።

ማየት የሚባለውም ነገር ከሚታሰበው በላይ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በ40 ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎቹ ንግግር ለማቅረብ ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲሄዱ ተነገራቸው፤ ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ እየሳለ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ካልቸኮሉት መካከል ከመቶ 63ቱ ሲረዱት በጣም ከቸኮሉት መካከል የረዱት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። ስለ ሳምራዊው ለመናገር መዘጋጀታቸው ጉልህ ልዩነት አላመጣም።

ይህ ውጤት ለእነዚህ ከተሞች በቀጥታ ይናገራል። ንጋት ላይ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሰበታ በዓለም ገና አድርጎ ወደ አየር ጤና፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄደው ሠራተኛ በታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆም ሐሳቡ ሰዓት ላይ ነው። ከሰልፉ አጠገብ ወድቆ የሚያቃስት ሰው ቢኖር ዐይኑ ያየዋል፤ ልቡ ግን ሊያየው ጊዜ የለውም። ማታ ደክሞ ይመለሳል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ትኩረቱ በሙሉ በራሱ ቀን ተይዟል። ሙከራው ስብከትን ማወቅ ብቻ በዚያች ቅጽበት እንደማያድን ካሳየ ሰው ወደ ቅጽበቷ ከመድረሱ በፊት መዘጋጀት አለበት ማለት ነው። የክርስትና ልማዶች የሚሠሩት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ጾምን እንውሰድ። ጾም ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሥጋና ከወተት እንደ መከልከል ነው፤ በጥንቱ ትምህርት ግን ሌላ ግማሽ አለው። ከ2ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው የሄርማስ መጽሐፍ የጾመ ሰው ያልበላውን ምግብ ዋጋ አስቦ ለመበለት፣ ለወላጅ አልባ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ መጽሐፍ በግእዝም ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ተጠብቆ ቆይቷል፤ ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ የግእዙን ትርጉም በ1860 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የጾሙ አሠራር እዚህ ይገለጣል። ሰውነት "አሁን" ሲል "ቆይ" የማለት ልምምድ ስስትን ያላላል፤ የተረፈው ምግብ ደግሞ ወዲያው ባለቤት ያገኛል። ሁለተኛው ግማሽ ከተተወ ጾሙ የራስን ብርታት መለኪያ ይሆናል፤ ስስትን አድክሞ ትዕቢትን ይመግባል። በሁዳዴ ከፍስኩ የበለጠ የጾም ምግብ ሲደግስ የሚውል ቤት የጾሙን ዐቢይ አሠራር አፍርሶታል ብዬ አምናለሁ።

ለትዕቢት የታዘዘው ትሕትና በሐሳብ ብቻ አይገኝም። በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሕፅበተ እግር ይፈጸማል፤ ጳጳሱ ወይም ካህኑ ጎንበስ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል፣ በወይንና በወይራ ቅጠልም ይባርካል። በዓመት አንድ ቀን የሚደረገው ሥርዓት በሌላው ቀን የሚደረገውን ያሳያል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሳርያው ባስልዮስ፣ በስሙ የተጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው አባት፣ ለብቻ የሚኖር መናኝ የማንን እግር ሊያጥብ እንደሚችል ጠይቆ በማኅበር መኖርን መርጧል። ትሕትና የሚለማመዱበት ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሚያናድድ መሆን አለበት። ሰበታ ውስጥ እንዳለው የጌቴሴማኒ የሴቶች ገዳም ባሉ ስፍራዎች የማኅበር ኑሮ ከጸሎት ጋር አንድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያስቸግረው ወንድም ወይም እኅት ከትምህርቱ ወገን ነው።

ትሕትና በመርዳትም ጊዜ ይፈተናል። ሰበታ ከድሮ ጀምሮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። አስፋልት ለመሻገር የቆመ ዓይነ ስውር ወጣት ሲያይ ብዙ ደግ ሰው ሳይጠይቅ ክንዱን አፈፍ አድርጎ ይጎትተዋል። ወጣቱ ይደናገጣል፤ በትሩ ከመሬት ይላቀቃል፤ አቅጣጫው ይጠፋበታል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ማናገር፣ ከፈለገም የራስን ክርን ሰጥቶ እሱ እንዲይዝ መፍቀድ ነው። በሁለቱም መንገድ ወጣቱ መንገዱን ይሻገራል። በመጀመሪያው ግን ውሳኔው የረጂው ነው፤ በሁለተኛው የተረጂው። ራስ ወዳድነት በደግነት ውስጥ የሚደበቀው በዚህ መልኩ ነው፤ በካሜራ ፊት ዘይትና ዱቄት ማስረከብም ከዚህ አይርቅም።

ርኅራኄ ወደ ጽኑ ልማድ ሲለወጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከወይዘሮ አበበች ጎበና ሕይወት ማየት ይቻላል። የተወለዱት ከሱሉልታ ወዲያ ባለው በሰላሌ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በወሎ ረሃብ የሚያልቀውን ሕዝብ አዩ፤ ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው መጡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከእሳቸው እንዲመርጡ ሲጠይቋቸው ወይዘሮ አበበች ከልጆቹ ጋር ቀሩ። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኮቪድ እስካረፉ ድረስ እጅግ ብዙ ልጆችን አሳድጓል። መነሻው ስሜት ነበር፤ ለአርባ ዓመት ያቆየው ግን ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ትምህርት ቤትና የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ዋጋውን ከእሳቸው ጋር ሌላም ሰው እንደከፈለ መካድ አይገባም።

ይህ ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ ይመራል። ራስን መካድ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት አስቀድሞ ራሳቸውን የካዱት ናቸው፤ ባሏ የሚደበድባት ሚስት፣ ደመወዟን ለቤተሰብ ልካ ራሷ የማትበላ የቤት ሠራተኛ፣ ሁሉን ተሸክማ የኖረች እናት። ለእነዚህ ሰዎች "እንደ ራስህ" የሚለው መለኪያ ከሌላው ወገን ይሠራል፤ እነሱም መወደድ የሚገባቸው ባልንጀሮች ናቸው። በደልን መታገሥ በዳዩን በበደሉ ስለሚያጸናው ለበዳዩም ፍቅር አይሆንም። መሬቱ በአነስተኛ ካሳ ለተወሰደበት ገበሬም ምጽዋት መስጠት ፍትሕን አይተካም፤ ፍቅር ያለው ጎረቤት ለምስክርነት ሲጠራ ይሄዳል።

ማስረጃዎቹ ሲደረደሩ ራስ ወዳድነት በአንድ ቀን ውሳኔ የሚሸነፍ አይመስልም። ፍርሃቱን የሚያቀል ማኅበር፣ ፍላጎቱን የሚያላላ ጾም፣ ጎንበስ የሚያሰኝ አገልግሎትና አስቀድሞ የተቀመጠ ድርሻ ሲገናኙ የሰው ትኩረት ቀስ በቀስ ከራሱ ይላቀቃል። በእኔ ግምት በሦስቱ ከተሞች ይህን ሥራ ለመጀመር አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልግም። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች በኤች አይ ቪ የሞቱ አባሎቻቸውን እየቀበሩ ሳሉ የቀሩትን ሕፃናት ማን እንደሚያሳድግ ለመጠየቅ ተገደዱ፤ መተዳደሪያ ደንባቸውንም አሻሽለው ሕመምተኞችንና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። የሦስቱ ከተሞች እድሮችም ይህን መከተል ይችላሉ፤ ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት ብር ተነስቶ ስሙ በመዝገብ ለሌለ ሰው እንዲውል የሚፈቅድ አንድ አንቀጽ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይጸድቃል። ለማን እንደሚሰጥ የሚመርጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ይሰየማሉ፤ የተቀባዩ ስም በስብሰባ ላይ እንዳይነበብም ይወሰናል።